ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከዋንጫው በፊት ማኅበሩን ያስቀደሙ ሰው

የኅብረት ሥራ ማኅበራት የምሥረታ በዓላቸውን ሲያከብሩ አስቀድሞ የሚነሣው የተሰበሰበው ኩንታል፣ የተሠራው መጋዘንና ለአባላት የተከፋፈለው ትርፍ ነው። ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ማኅበር የሚፈተንበት ጊዜ ሌላ ነው። የገበያ ዋጋ ሲወርድ፣ ወይም ነጋዴው ደጃፍ ድረስ መጥቶ ጥሩ ምርት ያለውን አባል ለብቻው ጥቂት ብር ጨምሮ ሲያባብለው፣ ያን ጊዜ አባሉ ከራሱ ጥቅምና ከማኅበሩ ህልውና አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ይህንኑ ምርጫ በእግር ኳስ ሜዳና በስብሰባ አዳራሽ ደጋግመው ያደረጉ፣ ማኅበሩንም ያስቀደሙ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኚህ ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በቡናው አገር በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ነጋድራስነት የነጋዴዎች አለቅነት፣ የገበያና የቀረጥ ኃላፊነት ሹመት እንደነበረ ዕድሜያቸው የገፋ አንባብያን ያውቁታል። ልጁ ከአባቱ ሹመቱን አልወረሱም፤ የአንደበት ቅልጥፍናውን ግን ወርሰዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኋላ ዘመን በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ከጎሎቻቸው ይልቅ አፍሪካን የጠቀማት ይኸው አንደበት ነበርና።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት አዲስ አበባ በሚገኘው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ጥሶ በሰሜንና በደቡብ ውጊያ በሚካሄድበት ሰዓት፣ አራዳ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች አንድ የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። የቡድኑም ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። ተማሪው ይድነቃቸው ወደዚህ ቡድን የገቡት ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። ደመወዝ የለም፣ ክፍያ የለም፤ ጨዋታው የሚካሄደው በልጆቹ ፍቅርና መዋጮ ነው።

ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ስፖርቱም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ በዘር ተከፈለ። የፋሺስት አስተዳደር ለጥቁሩ ሕዝብ የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት አቋቋመ፤ የአገሬው ቡድኖች እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ የሰፈር ቡድኖችም የጣሊያን ስም ተለጠፈባቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ወጣቱ ይድነቃቸው ሰው በቆዳው ቀለም ተለይቶ ሜዳ ሲከፋፈል በዓይናቸው ያዩት እንግዲህ ከመጽሐፍ ሳይማሩ፣ በገዛ አገራቸውና በገዛ ቡድናቸው ላይ ነው። በኋላ ለ30 ዓመታት ያህል ስለ ደቡብ አፍሪካ የያዙትን አቋም ለመረዳት ከዚህ መነሣት ያስፈልጋል።

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር ተካሄደ። ተካፋዮቹ በከተማይቱ የሚኖሩትን ማኅበረሰቦች የሚወክሉ ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዱ ከሌላው ጋር እንዳይጫወት ተከልክሎ በነበረበት ከተማ አምስቱም ቡድኖች በአንድ ሜዳና በአንድ ደንብ መገናኘታቸው ግን ራሱን የቻለ ነገር ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት 23 ዓመት ሙሉ ነው። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ተመዝግቦላቸዋል። ይህን ያህል ያገባ አጥቂ በስሙ ቢኮራና ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገር ለሌላ ቢተው ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን ገና ተጫዋች ሳሉ ጀምረው ሜዳ ማስተካከሉን፣ ደንብ ማርቀቁን፣ ደብዳቤ መጻፉን፣ ፌዴሬሽን ማቋቋሙን ሁሉ በአንድ ላይ ይዘውት ነበር። በማኅበር ሕይወት ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ዓይነቱን ሥራ ያውቀዋል። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው፣ ቁልፍ የሚጠብቀው፣ ሚዛን የሚያይ ሰው ስሙ አይጠራም፤ እርሱ የሌለ ቀን ግን መጋዘኑ አይከፈትም።

ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የአራት አገሮች ተወካዮች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ዛሬ ካፍ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። አራቱ አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ሳምንት በዚያው ከተማ ተካሄደ።

ማኅበሩ ገና በተወለደ በቀናት ውስጥ ፈተና ገጠመው። የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን በአገሩ የዘር መድልዎ ሕግ መሠረት ወይ ሙሉ በሙሉ የነጮች፣ ወይ ሙሉ በሙሉ የጥቁሮች ቡድን ለመላክ እንጂ ሁለቱን የቀላቀለ ቡድን ለማቅረብ ፈቃደኛ አልሆነም። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። አባላቱ አራት ብቻ ለሆኑ ማኅበር አንድ አባል ማጣት ማለት ሩብ አካልን ቆርጦ መጣል ነው። ውድድሩም ሁለት ጨዋታ ብቻ ያለው ሆኖ ቀረ።

በዕጣው መሠረት ከደቡብ አፍሪካ ጋር መጫወት የነበረባት ኢትዮጵያ ነበረች። ስለዚህ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በፍጻሜው ጨዋታ ከግብፅ ጋር ገጥማ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድዲባ የሚባለው አንድ ግብፃዊ አጥቂ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 ካይሮ ላይ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር የቀረቡት እነዚያው ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ በግብፅ እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተረታች። ሲደመር ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዘጠኝ ጎል ተቆጥሮባት አንድም አላገባችም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ከማኅበር መውጣት ቀላል ነው። ሽንፈቱን በዳኛ፣ በሜዳ፣ በአየር ጠባይ አሳብቦ ለጥቂት ዓመት ከውድድር መራቅም ይቻል ነበር። ኢትዮጵያ ግን ለሦስተኛው ውድድር አስተናጋጅ ሆና ቀረበች።

ጥር 13 ቀን 1954

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የኢትዮጵያን ቡድን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የቡድኑ አባላት ከተለያየ ቦታ የተሰባሰቡ ናቸው። መንግሥቱ ወርቁ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ደግሞ የአሥመራ ልጆች ሲሆኑ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። የወረራው ዘመን ካከተመ ገና 21 ዓመቱ ነው፤ በአርበኝነት የዋሉ፣ ልጅና ወንድም ያጡ ሰዎች በየቤቱ አሉ። የጣሊያን ስም ላለው ልጅ የብሔራዊ ቡድኑን አምበልነት መስጠት እንደዛሬው ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም። በፋሺስት ዘመን የቡድናቸው ስም በግድ ሲለወጥ ያዩት አሠልጣኝ በዚህ ልጅ ላይ የወላጁን ዘር አልቆጠሩበትም።

በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜው ጨዋታ የዋለው እሑድ ጥር 13 ቀን፣ ከጥምቀት በዓል ሁለት ቀን በኋላ ነው። ተጋጣሚዋ ያችው ግብፅ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውም እርሷ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ በስታዲየም ተገኝተዋል።

በ35ኛው ደቂቃ ግብፆች ቀድመው አገቡ። ጨዋታው ሊያልቅ 16 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። የተመልካቹ ጩኸት ሳይበርድ ግብፆች ወዲያውኑ ሁለተኛውን ጨመሩ። ተስፋ ለመቁረጥ ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ እንደገና አቻ አደረገና መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ ሊጠናቀቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። ኢትዮጵያ 4፣ ግብፅ 2።

የዚያን ዕለት አራቱን ጎሎች ያገቡት አራት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል። ከአምስት ዓመት በፊት ካርቱም ላይ አንድ ሰው ብቻውን አራት ጎል አግብቶ ኢትዮጵያን አሸንፎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ከአዲስ አበባም ከአሥመራም የመጡ ልጆች እየተቀባበሉ ሁለት ጊዜ ከሽንፈት ተነሡ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አላገኘችም። ብዙ ሰው አቶ ይድነቃቸውን የሚያስታውሰው በዚያች አንድ ቀን ነው። ይሁንና ከሕይወታቸው ውስጥ ለኅብረት ሥራ አባል ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምንም ዋንጫ ያልተገኘበት፣ እንዲያውም ጨዋታ እንኳ ያልተደረገበት ዘመን ነው።

አሥራ አምስት አገር በአንድ ቃል

እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) የቦታ ድልድል አወጣ። ቦታው 16 ነው። ከዚህ ውስጥ አሥሩ ለአውሮፓ፣ አራቱ ለደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ ተሰጠ። የቀረችውን አንዲት ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ ሦስቱም አህጉራት በአንድነት እንዲሻሙባት ተወሰነ። በሌላ አነጋገር በአፍሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣው አገር ገና ከእስያና ከኦሺኒያ አሸናፊ ጋር መግጠም ነበረበት። በዚያ ላይ ፊፋ በደቡብ አፍሪካ ላይ የጣለውን እገዳ እ.ኤ.አ. በ1963 አንሥቶ ነበር።

በዚያን ወቅት አፍሪካ ውስጥ አዲስ ነፃ የወጡ አገሮች በየዓመቱ ወደ ካፍ እየገቡ ነው። ጋናዊው የስፖርት ኃላፊ ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ክርክሩን በግንባር ከመሩት መካከል ናቸው። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፤ ለአፍሪካ አንድ የራሷ ቦታ ይሰጣት ነው። ፊፋ አልተቀበለም። በዚህን ጊዜ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው በአንድነት ለመውጣት ወሰኑ፤ 15 አገሮችም ወጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ይህ ዓይነቱ ውሳኔ የሚጸናው ሁሉም ሲጸኑ ብቻ ነው። ከ15ቱ አንዱ ብቻ ቃሉን አፍርሶ ማጣሪያ ቢገባ ፊፋ አፍሪካን የሚወክል አገር አገኘ ማለት ነው፤ የ14ቱ መቅረትም ከንቱ ይሆናል። ደግሞም ያ አንዱ አገር ሌላ አፍሪካዊ ተወዳዳሪ ስለሌለው ያለ ብዙ ድካም ወደፊት ይገፋል። እንግዲህ ፈተናው ለትንሹም ለትልቁም እኩል ነበር። ማኅበሩን ለማዳን የሁሉም እጅ ያስፈልጋል፤ ለማፍረስ ግን የአንዱ ይበቃል።

ከሁሉ የበለጠ የምታጣው ጋና ነበረች። በ1963 እና በ1965 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ዋንጫ በተከታታይ የወሰደች፣ በዘመኑ አህጉሪቱ ከነበሯት ቡድኖች ሁሉ የምትፈራ እርሷ ናት። ብቻዋን ብትሄድ ያዋጣት ነበር። ኢትዮጵያም ብትሆን ከጥቂት ዓመት በፊት ዋንጫ ያነሣች፣ እነ መንግሥቱ ወርቁና እነ ሉቺያኖ በጉልበታቸው ላይ የነበሩባት አገር ነች። ለአንድ ስፖርተኛ አራት ዓመት ረጅም ነው፤ በዚያ ዓመት ያልተጫወተ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጉልበቱ ላይገኝ ይችላል። በእርግጥም የዚያ ትውልድ ልጆች ዓለም ዋንጫ ሳያዩ ጫማቸውን ሰቀሉ። ይህ በካሣ የሚመለስ ነገር አይደለም፤ ውሳኔውን የደገፉት ሰዎችም ዋጋውን የሚከፍሉት ተጫዋቾቹ እንደሆኑ ያውቁ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ክረምት ላይ የእንግሊዙ ውድድር ሲካሄድ አንድም አፍሪካዊ አገር አልተገኘም። ሰሜን ኮሪያ አውስትራሊያን አሸንፋ በዚያች በአንዲቱ ቦታ ገባች። ፊፋ ግን አንድ ሙሉ አህጉር የሌለበት ዋንጫ የዓለም ዋንጫ ለመባል እንደሚከብደው ሳይገባው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ለተደረገው ውድድር አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሳተፈች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነና አልጄሪያና ካሜሩን ሄዱ፤ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ረታች፤ ካሜሩን ሦስት ጨዋታ ተጫውታ ሳትሸነፍ ተመለሰች። በ1986 ደግሞ ሞሮኮ ምድቧን በአንደኝነት ጨርሳ ወደ ሁለተኛው ዙር ያለፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አገር ሆነች። ለ2026ቱ ውድድር ለአፍሪካ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ደርሷል።

ኢትዮጵያ ራሷ ከእነዚህ ቦታዎች አንዷን እንኳ አላገኘችም። ኢትዮጵያዊው ሰው ከታገሉበት ነገር የበሉት ሌሎች አባላት ናቸው። የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ከላይ ሆኖ ያልደከመ ከታች ውኃ እንደማያገኝ፣ የደከመውም ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት እንደማይጠጣ ገበሬ ያውቀዋል።

በፕሬዚዳንትነት

አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. በ1971 የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡና እስከ ዕለተ ሞታቸው ለ15 ዓመታት መሩ። በካርቱም አራት ሆኖ የተጀመረው ማኅበር በእርሳቸው ዘመን የአህጉሪቱን አብዛኞቹን አገሮች ያቀፈ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 የፊፋ ፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ አፍሪካውያኑ ድምፃቸውን ሳይበትኑ ብራዚላዊውን ዦአዎ ሀቬላንዥን ደግፈው የደቡብ አፍሪካን መመለስ ሲደግፉ የቆዩትን እንግሊዛዊ ስታንሊ ራውስን ከሥልጣን እንዲወርዱ አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ፈጽማ ተባረረች።

በእርሳቸው ላይ ነቀፌታ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው አንድ ደንብ ነበር፤ በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር በውጭ አገር ከሚጫወቱ ልጆቹ ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ይከለክላል። ደንቡ የታሰበው አውሮፓ የአፍሪካን ምርጥ ልጆች ገና በእሸትነታቸው እየለቀመ እንዳይወስድና የአገር ውስጥ ቡድኖች ባዶ እንዳይቀሩ ነው። አቶ ይድነቃቸው የዚህ አሳብ ጽኑ ደጋፊ ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ልጁ ጉልበቱን በተሻለ ዋጋ መሸጥ መብቱ ነው፤ አገሩም ምርጥ ልጇን ማሰለፍ መብቷ ነው ይሉ ነበር። ይህ ክርክር ከማኅበሩ ውጭ ለነጋዴ በሚሸጥ አባል ላይ በየጠቅላላ ጉባኤው ከሚነሣው ክርክር ብዙም አይለይም፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1982፣ እርሳቸው በፕሬዚዳንትነት ላይ እያሉ ተሻረ። የአልኮልና የትንባሆ ማስታወቂያ ወደ አፍሪካ ሜዳዎች እንዳይገባም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ገንዘቡ ለድሃ ፌዴሬሽኖች ያስፈልግ ስለነበረ በዚህም ሁሉም አልተስማማላቸውም።

በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ፣ የካፍ ፕሬዚዳንቱም ኢትዮጵያዊ ናቸው። የኢትዮጵያ ቡድን ግን ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ፤ ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። የራስ አገር በራስ ሜዳ ከመጀመሪያው ዙር ወጥታ የሌላውን ቡድን ዋንጫ በአደባባይ መሸኘት ለማንም ቀላል አይደለም። በማኅበር ሰብሳቢነት ተመርጦ የዘመዱን ጀንፈል እንደሌላው ሁሉ በአንድ ሚዛን አስቀምጦ የሚያስመዝን ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

አቶ ይድነቃቸው በንጉሡም በደርጉም ዘመን ሠርተዋል። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰውና ብዙ መሥሪያ ቤት ተለውጧል፤ የእግር ኳሱ ማኅበር ግን በተመሠረተበት ደንብ ቀጠለ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በቡሄ ዕለት በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ በምርጫ የካፍን ፕሬዚዳንትነት የያዙት ካሜሩናዊው ኢሳ ሀያቱ ናቸው።

ያልደረሱበት ነገር አለ። የዘር መድልዎ ሥርዓት ሊፈርስ ሲቃረብ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዓለም እግር ኳስ ተመለሰች። በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ ራሷ አስተናግዳ በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። ጥቁሮችና ነጮች የተሰለፉበትን ያንን ቡድን የመራውና ኔልሰን ማንዴላ በተገኙበት ዋንጫውን ያነሣው አምበል ኒል ቶቪ ነጭ ነበር። ካርቱም ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 ከደቡብ አፍሪካ የተጠየቀው እንዲህ ያለ ቡድን ነበር፤ ለመምጣት 39 ዓመት ፈጀበት።

ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። ስትመለስ የሄደችው ወደዚያችው ደቡብ አፍሪካ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታዋ ኔልስፕሩት በምትባል ከተማ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ሆነ። በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባንዲራ ይዘው ስታዲየሙን ሞልተውት ነበር። በረኛው በቀይ ካርድ ወጣና ቡድኑ በ10 ሰው ቀረ፤ ዛምቢያም አገባች። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አቻ አደረገና ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ዋንጫው ከተነሣ ልክ 51 ዓመት።